ከቦሩ ሜዳ በፊት ስሙ ማን ነበር?

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን። የአያትሽን ቅድመ አያት ፈለግ እንዴት ልያዝ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ረዘም ስለሚል በደብዳቤ አደረግሁት።

ሰውዬው ማዕረግ ያልነበረው ገበሬ ነው፤ ዜና መዋዕል ውስጥ አትፈልጊው። የሚገኘው በሰው አፍ፣ በዳዊትና በቁርኣን ባዶ ገጽ፣ በርስት ክርክር ወረቀት ላይ ነው።

ከሰው ጀምሪ። «መቼ ተወለደ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «ድሮ ነዋ!» ይሉሻል። «ክፉ ቀን ሲመጣ ከብት ጠባቂ ነበር ወይስ ጎጆ ወጥቷል?» በያቸው። ከብቱ ደስታ በሚባለው በሽታ አልቆ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ የመጣው ከ1880 እስከ 1884 ድረስ ነው፤ ይህ ጥያቄ ዕድሜውን ያቀርብልሻል። ሽማግሎቹን ለየብቻ ጠይቂ። አብረው ከተቀመጡ ታላቁ ያለውን ሌላው አይሽርም።

ከዚያ ሂሳቡን ሥሪ። አያትሽ በ1925 ተወለዱ ብለን እንያዝ። ወደ ላይ ሦስት ትውልድ፣ ለአንዱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ብትይዢ፣ ሰውዬው ከ1835 እስከ 1850 ባለው ውስጥ ይወለዳል። የሚነግሩሽ ታሪክ ከዚህ ውጭ ከሆነ የልጁ ታሪክ ወደ አባት ተላልፏል ማለት ነው። አድዋ ላይ ይህ በጣም ይበዛል፤ ወሎ ውስጥ ቅድመ አያቱ አድዋ ያልዘመተ ሰው ማግኘት ያስቸግራል!

ትልቁ ወጥመድ ስም ነው። በ1870 ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው «ሚካኤል» ተባሉ፤ ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ከሳቸው በታች ያለውም እስላም ሕዝብ ብዙው በግድ ተጠምቋል፤ «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የሚባለው የዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንዱ ዘመድ ሙስሊም ስም፣ ሌላው ክርስቲያን ስም ቢሰጥሽ ሁለት ሰው ብለሽ አትመዝግቢ። የሚስቱንና የልጆቹን ስም፣ የሰፈረበትን ቀበሌ አስተያዪ። ከገጠሙ ሰውዬው አንድ ነው።

ዳዊቱን ስትከፍቺ «ለገብርከ» (በግዕዝ «ለአገልጋይህ») ከሚለው ቀጥሎ ያለውን የባለቤቱን ስም እዪ፤ ለሴት «ለአመትከ» ነው። የሚጻፈው የክርስትና ስም ስለሆነ ዘመድ የሚያውቀውን ስም አትጠብቂ። መጽሐፉ ከተሸጠ የፊተኛው ስም በቢላ ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ይጻፍበታል። የተፋቀው ቦታ ሻካራና ሳሳ ያለ ነው። ገጹን በመስኮት አጠገብ አዘንብለሽ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው የብዕሩ ጭረት አንዳንዴ ይታያል። ውሃ እንዳታስነኪው፤ ብራናው ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይለቃል።

በቁርኣኑ ዳር የልደት ቀን ካገኘሽ ደግሞ በሂጅራ፣ ማለት በእስልምና አቆጣጠር ነው። ዛሬ በሂጅራና በእኛ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 570 ዓመት ገደማ ነው ብለሽ ያንኑ ብትደምሪ ትሳሳቻለሽ። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ያህል ያጥራልና ልዩነቱ እየጠበበ ነው የመጣው፤ ያን ጊዜ 575 ነበር። 1300 ሂጅራ የገባው በኅዳር 1875 ነው። በዛሬው ልዩነት ብትደምሪ 1870 ይወጣልሻል፤ ከጉባኤው በኋላ የተወለደውን ልጅ በጉባኤው ዓመት አስወለድሽው ማለት ነው! ጽሑፉ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ሊሆን ይችላል፤ ዐረብኛው ጨና ኘ የለውምና ስሙን ድምፅ አውጥተሽ እያነበብሽ ገምቺ።

የርስት ክርክር ወረቀት ከተገኘ የፍርድ ግልባጩን ከግብር ደረሰኙ አስቀድሚ፤ ተከራካሪው መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ትውልዱን ስለሚቆጥር ስም ይበዛበታል። ግን መሬቱን የሚያወርሰውን ሐረግ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ልጅ ያልተረፈለት ወንድም ይዘለላል፣ የራቀው አያት ደግሞ ማዕረግ ይጨመርለታል። በ1967 ርስት ከቀረ ወዲህ ይህን የሚቆጥር ወጣት የለም።

ሴቶቹ በወረቀቱ ላይ አይገኙም። እነሱን የምታውቀው አክስትሽ ናት፤ መጀመሪያ እሷ ጋ ሂጂ። ቡናና ስኳር አትርሺ፤ ስልክሽንም ሙሉ አድርገሽ ቻርጅ አድርጊ፤ ጨዋታዋ ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ነው።

አባትሽ