ድምፁን አጥፍቼ ለእናቴ አሳየኋት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማንሳትና ማቀናበር ነው። ሰሞኑን በጥበብ ገጻችሁ ስለ አንድ የፍቅር ፊልም ትሬለር (ፊልሙን አስቀድሞ ስለሚያስተዋውቀው አጭር ቪዲዮ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው «ጎጃምን አሳምሮ ያሳየ» ብሎ አድንቆታል። ማሳመሩን አልክድም። ግን ስለዚህ ትሬለር ሳይባል የቀረ ነገር አለ።

መጀመሪያ ያየሁት ቤት ሆኜ፣ ቡና እየተፈላ፣ በስልክ ነው። እናቴ አጠገቤ ሆና ታያለች። ትሬለሩ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። ልጁ ከከተማ ይመጣል፣ ልጅቷን ይወዳል፣ አባቷ እምቢ ይላሉ። መኪና ይገለበጣል፣ ሆስፒታል ይገባል፣ ይለቀሳል። መጨረሻ ላይ ጣና ዳር ተቃቅፈው ይታያሉ። ሲያልቅ እናቴ ረከቦቱን ወደ ራሷ እየሳበች «ታዲያ ፊልሙ አለቀ አይደል? ምን ቀረው?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። ማታውኑ ትሬለሩን ኮምፒውተሬ ላይ ጭኜ እንደ ራሴ ሥራ እየቆራረጥኩ አየሁት። የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ ያሉት ሾቶች (ሳይቆረጡ የሚታዩ ምስሎች) 17 ብቻ ናቸው። የመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ግን 43 አሉ። መጀመሪያ ቦታውንና ሁለቱን ሰዎች ቀስ ብሎ ያስተዋውቅሃል። ከዚያ እንቅፋቱ ይመጣል። ከዚያ ምስሉ ይጣደፋል፣ ከበሮው ይመታል፣ ድንገት ጸጥ ይላል። ጥቁሩ ላይ በወርቃማ ፊደል «ፍቅር»፣ «ክህደት»፣ «ዕጣ ፈንታ» እያለ ይጽፋል። የብዙ አገር የፍቅር ፊልም ትሬለር እንዲህ ነው። እኔም የሠርግ ማጠቃለያ ስሠራ ከዚሁ እቀዳለሁ። ሰው ልብ ውስጥ ስለሚገባ ነው ሁሉም የሚጠቀምበት።

በማግስቱ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁና ሁለት ቦታ ብቻ ለእናቴ አሳየኋት። የመጀመሪያው ሁለቱ ጣና ዳር እየሳቁ የሚሮጡበት ነው። በትሬለሩ ላይ እዚህ ጋ ፒያኖና ቫዮሊን አለ፣ ምስሉም በስሎው ሞሽን ነው። እናቴ ትንሽ አየችና «ወንድሟ ነው እንዴ?» አለች።

ሁለተኛው ገና መግቢያው ላይ ያለ ነው። ልጅቷ እንግዳውን እጅ ታስታጥበዋለች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጎንበስ ብላለች። ፊቱን አታይም፣ የምታየው እጁን ነው። እሱ ታጥቦ ጨርሷል። ውሃው ግን መውረዱን አላቆመም። ስድስት ሰከንድ ቢሆን ነው። እናቴ ሲኒውን አስቀመጠችና «ኧረ ይቺስ ወዳዋለች» አለች። ቀጥላም «አባቷ እንዳያዩባት ብቻ» አለች።

አንዱን ምስል ፍቅር ያደረገው ሙዚቃው ነበር። ሌላው ግን ሙዚቃ አልፈለገም።

ከ100 ዓመት በፊት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩሲያ ፊልም ሠሪ የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር እያገናኘ አሳየ። ተመልካቹም አንዴ የተራበ፣ አንዴ ያዘነ ሰው አየሁ አለ ይባላል። ፊቱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ምስልን በጎረቤቱ ማናገር የሙያው ሀሁ ነው። የእኔ ቅሬታ ራሱ የሚናገረውን ምስል ይዘው በላዩ ፒያኖ መጫናቸው ነው። የውሃውን ድምፅ እንኳ አላሰሙንም። ውሃው ሳህኑ ላይ ሲወርድ ያለው ድምፅ ይበቃ ነበር።

ስለ መልክዓ ምድሩም ልበል። ሁለቱ አደይ አበባ መሐል እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። በቀጣዩ ሾት በዚያው ልብስ የጤፍ አጨዳ ላይ ናቸው። አደይ የመስከረም ነው፣ ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ጢስ ዓባይም እንደዚያ ሞልቶ የሚወርደው በክረምትና መስከረም ላይ ነው፤ በበጋ ውሃው ለመብራት ስለሚጠለፍ ይሳሳል። ይህን እዚህ ያለ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። ስህተት ለመልቀም አይደለም የማነሳው። ከአደይ እስከ አጨዳ ሦስት ወር አለ። ልብሷን ቀይረው፣ እሱንም ትንሽ አክስተው ቢያሳዩን፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ፍቅሩ ሦስት ወር እንደቆየ ባወቅን ነበር። አገሩ ታሪኩን ሊነግርላቸው ይችል ነበር፤ እነሱ ግን ጌጥ አድርገውት አለፉ።

ፊልሙን ባሕር ዳር አዳራሽ ገብቼ አየሁት። ካሜራ ላሠራ ሄጄ ነው። መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ዳይሬክተሩ ሙዚቃውን አቁሞታል። የሞተሩ ድምፅና የልጁ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ይህን ያሰበ ሰው ሙያውን የሚያውቅ ነው። ነገር ግን ከኋላዬ አንዲት ልጅ ለጓደኛዋ «አሁን ይገለበጣል» አለቻት። ተገለበጠ። አንድም ሰው አልደነገጠም። ያ ሁሉ ልፋት ከሁለት ወር በፊት በትሬለሩ ተሸጦ አልቋል። ለዳይሬክተሩ ከልቤ አዘንኩ።

ትሬለር የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ተሳቢ ማለት ነው፤ ያው የጭነት መኪኖች ደጀንን አልፈው በረሃውን ሲወርዱ ከኋላ የሚጎትቱት። በፈረንጆቹ 1910ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲጀመር ማስታወቂያው የሚታየው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስለነበር ነው ስሙ የወጣለት። ሰው እየተነሳ ሲወጣባቸው ወደ ፊት አመጡት። አሁን ተሳቢው መኪናውን ቀድሞ ጭነቱን ያራግፋል።

ፊልም ለምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ ልመናዬ አንድ ነው። ትሬለሩን ማንቆርቆሪያው ላይ አቁሙት። ውሃው ሲወርድ፣ ልጅቷ ጎንበስ እንዳለች፣ ስማችሁን ጻፉና «በቅርብ ቀን» በሉ። አደጋውንና ሆስፒታሉን ለአዳራሹ ተዉለት። ሰው አይመጣም ብላችሁ አትፍሩ።

እናቴ ፊልሙን እስካሁን አላየችም። መኪናው መገለበጡንም፣ ልጁ መትረፉንም ታውቃለች፤ ስለ እሱ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ከባሕር ዳር ስመለስ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «አባቷ አዩባት እንዴ?» አለችኝ። ትሬለሩ ያላሳየው እሱን ብቻ ነው። እኔም አልነገርኳትም።

አክባሪያችሁ
የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ ከደብረ ማርቆስ