ስለ ኤሊየት ካውንቲ፦ ለኬንታኪ አገረ ገዥ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር አንዲ ቢሺር
የኬንታኪ ግዛት አገረ ገዥ
ፍራንክፎርት

ክቡር ሆይ፣

ሌክሲንግተን ውስጥ በነርስነት የምሠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ነኝ። ከምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ለሕክምና የሚመጡ ሰዎችን ዘወትር አስተናግዳለሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት እዚሁ ግዛት የምንኖር ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን፣ የሜዲኬይድን በጀት የሚቀንሰው ሕግ ሐምሌ 2025 ከተፈረመ ወዲህ፣ የገጠሩ ሰው ነገር በተነሳ ቁጥር “ተዋቸው፣ በገዛ እጃቸው ያመጡት ነው፤ ትራምፕን የመረጡት እነሱ አይደሉም ወይ?” ሲባል እሰማለሁ። ሥራ ቦታም፣ ቡና ላይም። ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ የመንግሥትዎ ሠራተኞችም በልባቸው እንዳይዙት እለምናለሁ።

እዚያው ምሥራቅ ኬንታኪ ያለውን ኤሊየት ካውንቲ (ወረዳ) እንይ፤ በ1869 ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ በፕሬዚዳንት ምርጫ አንድም ጊዜ ከዴሞክራቶች ወጥቶ አያውቅም ነበር። ነዋሪው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው፤ ሆኖም በ2008 ከመቶ 61 ያህሉ ድምፁን ለባራክ ኦባማ ሰጥቷል። በ2012 ኦባማ እዚያ ያሸነፉት ለጥቂት ነው። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ 70 በመቶ ገደማ አገኙ፣ በ2020 ወደ 75 ተጠጉ፣ በ2024 ደግሞ ከዚያም በለጡ።

ድንገት የሆነ ይመስላል እንጂ ድንገት አልሆነም። ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትምባሆ አብቃይ እርሻ ኮታ፣ ማለትም የተፈቀደለት የምርት መጠን ነበረው፤ ዋጋውም ከተወሰነው በታች እንዳይወርድ መንግሥት ዋስ ሆኖ ቆሟል። ዳገት ላይ ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ እንኳ በዚያ ይተማመን ነበር። አንድ አዛውንት ታካሚ ቅጠሉ በጎተራው ውስጥ ደርብ በደርብ እንዴት እንደሚሰቀል፣ ጉሉኮስ የተሰካበትን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳይተውኛል። የትምባሆው ገንዘብ የገና ወጪና የመሬት ግብር መሸፈኛ ነበር አሉኝ። ለእነዚያ ቤተሰቦች ዴሞክራት መሆን ከዚያ ዋስትና ጋር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነበር። በ2004 ኮንግረስ ኮታውን አስቀረው። ካሳው በየዓመቱ እየተከፈለ በ2014 አበቃ፤ ብዙው ትንሽ ገበሬም ትምባሆውን ተወ። በአካባቢው የከሰል ማዕድን ሥራ ሲዘጋ ጥፋቱ ለዋሽንግተን ተሰጠ። የጠመንጃውና የፅንስ ማቋረጡ ክርክርም አለበት። ለእኔ ግን ዋናው፣ የቀድሞውን ታማኝነት የተሸከመው ኑሮ መፍረሱና በምትኩ የመጣ ነገር አለመኖሩ ነው።

እርስዎ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በ2019 በመላው ግዛት ከ5 ሺህ በጥቂት በሚበልጥ ድምፅ ሲያሸንፉ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ትራምፕን የመረጠው ኤሊየት እርስዎን መርጧል። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ጆሯቸውን ዘግተዋል የሚለውን ማንም አያሳምነኝም።

አሁን የምጠይቅዎ ነገር ቀላል ነው። በጊዜው አገረ ገዥ የነበሩት አባትዎ በ2014 ባሰፉት ሜዲኬይድ የሚጠቀሙ፣ ከ19 እስከ 64 ዓመት ያሉ አዋቂዎች፣ በአዲሱ ሕግ መሠረት ከጥር 2027 ጀምሮ በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን ወይም ነፃ የሚያደርግ ምክንያት እንዳላቸው ማሳየት አለባቸው። አርካንሳው በ2018 ይህን ሲሞክር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 18 ሺህ ሰው መድኑን አጥቷል፤ ብዙዎቹ ሠራተኞች ወይም ነፃ መሆን የሚገባቸው ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ሪፖርት የሚደረገው በኢንተርኔት ብቻ ነበር። በእነዚያ ሸለቆዎች ኢንተርኔት ቀርቶ ስልክ የማይይዝበት ስንት ቦታ አለ!

እባክዎ፣ ግዛቱ በእጁ ያለውን የደመወዝና የሕክምና መረጃ እያየ ማጣራት የሚችለውን ሰው ቅጽ አያስሞሉት። ለቀሪው ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ በኤሊየት ዋና ከተማ በሳንዲ ሁክ ጠረጴዛ አስቀምጡ፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ይኑርበት። ማንን መረጥክ ብሎ የሚጠይቅ ግን አይኑር። ሥልጣንዎ እስከ 2027 መጨረሻ ስለሆነ ሥራው በእርስዎ ዘመን የሚጀመር ነው። የመጀመሪያው ቀን እርስዎ ራስዎ እዚያ ቢገኙ ደግሞ እጅግ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሌክሲንግተን ነርስ