ጉዳዩ፦ ልጆች ለእረፍት ሰዓት ከጓሮ አፕል ይዘው እንዲመጡ ስለመጠየቅ

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ጨንቻ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአንደኛው ወሰነ ትምህርት የውጤት ካርድ በመጪው ዓርብ ስለሚሰጥ በአካል ተገኝታችሁ እንድትወስዱ አሳስባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጆች ለእረፍት ሰዓት ብስኩት፣ ከረሜላና የታሸገ ጭማቂ መያዛቸው ቀርቶ ከጓሯችሁ አንድ አንድ አፕል እንድትሰጧቸው ከሁለት ሳምንት በፊት ጠይቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ድረስ መጥታችሁ፣ ሌሎቻችሁም በገበያ ቀን መንገድ ላይ አስቁማችሁኝ፣ «አፕሉ ለገበያ ነው እንጂ ለልጅ መክሰስ አይደለም» ብላችሁኛል። ቅሬታችሁን በአክብሮት ሰምቻለሁ፤ ልቀበለው ግን አልቻልኩም።

አፕል ለጨንቻ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛፉ ብርድ ስለሚፈልግ ታች አርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ ሲሆን እኛ ዘንድ አፕል ሆነ፤ ከፍሬው አልፎ ችግኙ ተሽጦ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ለነጋዴ የምታቀርቡትን ትልልቁንና ያማረውን ለልጅ ስጡ አላልኩም፣ አሁንም አልልም። ነጋዴው መርጦ የሚተወው ትንሹ ወይም ጎኑን በረዶ የመታው አፕል፣ እስካልበሰበሰ ድረስ፣ ልጣጩ ላይ ጠባሳ ይኑረው እንጂ ለልጁ የሚሰጠው ጥቅም ያው ነው። ይህ ከገበያችሁ ምን ያጎድላል?

«ብስኩትም ያጠግባል» የምትሉ ወላጆች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። አንድ መካከለኛ አፕል ከነልጣጩ ሲበላ 4 ግራም ገደማ አሰር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው የምግቡ ክፍል፣ ይገኝበታል። ከዚህም ውስጥ ፔክቲን የሚባለው ሆድ ውስጥ እንደ ሙጫ ስለሚወፍር ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፤ ሌላው አሰር ደግሞ የሆድ ድርቀትን ይከላከላል። ከረሜላና ጣፋጭ ብስኩት ግን ጥርስ ላይ ተጣብቀው ይውላሉ፤ ጉንጩን ይዞ እያለቀሰ ከክፍል የሚወጣ ልጅ ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህንኑ ነው።

«አፕልም እኮ ስኳር አለው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ 19 ግራም ያህል አለው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ቀንሱ የሚለው ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረውን እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር እንጂ በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን አይደለም፤ እንዲያውም በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። የታሸገውን ጭማቂ የከለከልነውም አሰሩ ተጣርቶ ስለሚወጣ ነው።

አፕል መድኃኒት ነው፣ ቁርስንም ይተካል አላልንም። ፕሮቲንና ብረት እምብዛም የለውም፤ ስለዚህ ቆጮው፣ ባቄላውና ወተቱ ከቤት እንዳይቀሩ። «በዚህ ብርድ ጠዋት አፕል ሆድ ይቆርጣል» ለምትሉም፣ እረፍቱ 4 ሰዓት ላይ ስለሆነ ልጁ ቁርሱን በልቶ ከመጣ በባዶ ሆዱ አይበላውም።

ባለፈው ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ እንቁላል የምታክል፣ ጎኗ የጠቆረ አፕል ከቦርሳዋ አውጥታ በእጅጌዋ ጠረገችና ገመጠች። ብስኩት የያዙት ጓደኞቿ «አቅምሺን» እያሉ ከበቧት፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ፍሬዋና እንጨቷ ብቻ ቀረ። ከለመኗት ልጆች አንዱ ቤታቸው ዙሪያውን በአፕል ዛፍ የተከበበ ነው። ወላጆቹን ለማሳፈር አይደለም የጻፍኩት፤ ልጁ ብስኩቱን በእጁ ይዞ የእሷን አፕል ሲለምን በማየቴ በጣም ስላዘንኩ ነው።

«ዛፍ የሌለንስ?» ለምትሉ፣ ከአርባ ምንጭ የሚመጣው ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ንፍሮ ይበቃል፤ አፕል ግዙ ብዬ ማንንም አላስገድድም። ዛፍ ያላችሁ ግን ዋጋን ምክንያት እንዳታደርጉብኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ በየሳምንቱ ለብስኩት የምታወጡት ብር የሚገኘው ያንኑ አፕል ሸጣችሁ ነውና።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ብስኩትና ከረሜላ ይዞ የመጣ ልጅ አይቀጣም፣ አይወሰድበትምም፤ የያዘው ነገር ሳይከፈት ወደ ቤት ይመለሳል። ርጭት የተደረገበት ሊሆን ስለሚችል አፕሉን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ልጣጩን ግን አትላጡት። ለአፀደ ሕፃናት ልጆች ትንታን ስለምንሰጋ የውስጡን ጠንካራ ፍሬ አውጥታችሁ በስሱ ቆራርጣችሁ ላኩላቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር