ፍልስጤማውያን ራሳቸውስ ምን ይላሉ?

ለክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ጋዛ የምታወጡትን ዜና እከታተላለሁ። ዋሽንግተን ይህን አለች፣ እስራኤል ያን መለሰች፣ ካይሮ አደራደረች። ፍልስጤማውያን ግን የሚነሱት ወይ በሟች ቁጥር ወይ በታጣቂ ስም ነው። ስለ ገዛ ታሪካቸውና ስለ ነገ ዕጣቸው ምን እንደሚያስቡ አይነገረንም። ይህ ያሳዝነኛል።

ታሪኩ እኮ ከእኛ ሩቅ አይደለም። «የልዳው ፀሐይ» እያልን የምናወድሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ከተማ ልዳ፣ ዛሬ ሎድ የምትባለው፣ እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ የፍልስጤማውያን ከተማ ነበረች። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የእስራኤል ጦር ልዳንና ጎረቤቷን ራምላን ያዘ። ከነዋሪው ጥቂቱ ሲቀር ሌላው ተባረረ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ፣ አዛውንቱም ሕፃኑም፣ በዚያ ሐሩር በእግሩ በዌስት ባንክ ወዳለችው ወደ ራማላ አቅጣጫ ተነዳ። በውኃ ጥም መንገድ ላይ የቀሩ ነበሩ። በማስወጫው ትእዛዝ ላይ የሰፈረው ያኔ የጦር መኮንን የነበሩት የይስሐቅ ራቢን ስም ነው፤ እኚሁ ሰው ናቸው በ1993 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከፍልስጤማውያኑ መሪ ከያሲር አራፋት ጋር ለሰላም ስምምነት እጅ የተጨባበጡት። ያኔ ከመላ አገሪቱ የተፈናቀለው ሕዝብ 700 ሺህ ገደማ ነው። ፍልስጤማውያን ዘመኑን ናክባ፣ ማለትም መቅሠፍት፣ ይሉታል። አብዛኛው የጋዛ ሕዝብ የእነዚያ ተፈናቃዮች ልጅና የልጅ ልጅ ስለሆነ፣ ከ2023 ወዲህ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደቡብ ሲሰደድ ከአያቶቹ የሰማው ነገር በራሱ ላይ ደረሰ።

ኅዳር 7 ቀን እኛ የቅዱስ ጊዮርጊስን ቅዳሴ ቤት ስናከብር፣ የፍልስጤም ክርስቲያኖችም ያን ዕለት ልዳ ባለው መቃብሩ ይሰበሰባሉ። ይህን የሚያውቅ አንባቢያችሁ ስንት ነው?

ስለ ነገው ደግሞ አንድ ድምፅ የላቸውም። ከ1967ቱ ጦርነት በፊት በነበረው ድንበር የራሳችን መንግሥት ይኑረን የሚሉ አሉ። ሁሉም እኩል ዜጋ የሚሆንበት አንድ አገር ይሻላል የሚሉም አሉ። ለሌላው ከሁሉም የሚቀድመው ወደ አያቶቹ መንደር መመለስ ነው። በትጥቅ ትግልም፣ ሐማስ በኦክቶበር 7 ቀን 2023 በፈጸመው ግድያም እርስ በርስ ይከራከራሉ። ክርክሩን በድምፅ መስጫ ሣጥን እንዳይቋጩት ግን የመጨረሻው የምክር ቤት ምርጫ የተደረገው በ2006 ነው። በ2021 ይደረጋል የተባለውን የፍልስጤም ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አባስ ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙት፤ ምክንያታቸው እስራኤል በምሥራቅ ኢየሩሳሌም ምርጫውን አልፈቀደችም የሚል ነበር። ራማላ ውስጥ ያለ የ35 ዓመት ጎልማሳ የምክር ቤት ተወካዩን መርጦ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው «ሕዝብህ ይህን መርጧል» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው።

ልመናዬ ይኸው ነው። ዐረብኛ የሚችል ጋዜጠኛ መድቡና አንድ የራማላ መምህር ወይም አንዲት የጋዛ እናት አነጋግሩ። ኢየሩሳሌም ያሉት ገዳማውያን አባቶቻችንም ከፍልስጤማውያን ጋር በጉርብትና ነው የሚኖሩት፤ እነሱንም ጠይቁልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ