ደብዳቤ ለልጄ፦ አድራሻዋ ስለማይታወቅ ተሳፋሪ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ኅዳር ሲገባ የድሬ ሙቀት ረገብ ስለሚል ማታ ማታ ወንበሬን ደጅ አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ እዚያው ሆኜ ነው። በስልክ ያልሽኝ ነገር ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

«እማዬ፣ አሳታሚው ልብ ወለዴን አላትምም ብሎ መልሶልኛል። ለራሴ ጽፌዋለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ደግሞስ ማን ያነበዋል?» አልሽኝ። ዝም ያልኩሽ የምለው አጥቼ አይደለም። ዕድሜዬን የሰው ጽሑፍ ስተይብ የኖርኩ ሰው ነኝና አሳቤ በጣቴ ካልሆነ አይሰበሰብም።

ከለገሃር ወደ ከዚራ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረችውን ክፍሌን አታስታውሺያትም፤ ስትዘጋ ገና ልጅ ነበርሽ። የሚመጣልኝ ሥራ በአብዛኛው ማመልከቻ፣ ውልና የክስ መልስ ነበር። ልብ ወለድ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ገና ከበር ይታወቀኛል። ደብተሩን በብብቱ ሥር አጥብቆ ይይዛል፣ ተራው ቢደርስም ሌላው ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከኦጋዴን ጦርነት የተመለሰ አንድ ወታደር አራት ደብተር አመጣልኝ፤ በአራቱም ውስጥ አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም። ከቀፊራ ነጋዴዎች አንዷ ደግሞ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል የትዳሯን ታሪክ በቃሏ አስተየበችኝ፤ ስሜን ብቻ ቀይሪልኝ አለችኝ። ስሙ ሲቀየር ጊዜ ለእኔ ያልነገረችኝን ሁሉ ለወረቀቱ ነገረችው።

ዛሬ ልነግርሽ የፈለግሁት ግን ስለ አንድ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበረ ሰው ነው። ጋሼ እለው ነበር፤ እሱም እህቴ ይለኛል። በ1977 ዓ.ም. መጥቶ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የዚያን ጊዜ የአማርኛ መተየቢያ ፊደሉን በአንድ ምት አይጨርስም፤ ዋናውን ትመቺና ቅጥያውን ቀጥለሽ ትጨምሪያለሽ። እንዲህ እያዘገምሽ ስትተይቢ ታሪኩ በእጅሽ ውስጥ እያለፈ ነውና ከጸሐፊው ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ትሆኛለሽ።

ሰውዬው ተቆጣጣሪ ነበር። ከጅቡቲ በሚመጣው መስመር ላይ ጨርቅ በሰውነታቸው ጠቅልለው የሚያሳልፉ ሴቶች ብዙ ነበሩ። አንድ ሌሊት የአንዲቱ ሆድ ገፍቶ ቢያይ ጨርቅ መስሎት በፉርጎው ሰው ሁሉ ፊት የደረበችውን አስገለጣት። እርጉዝ ነበረች። ምንም ቃል አልወጣትም። ልብሷን መልሳ ሰብስባ አይሻ ጣቢያ ላይ ወረደች። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያው መስመር ተመላለሰ፤ ባቡሩ አይሻ በቆመ ቁጥር በመስኮት ያይ ነበር።

የጻፈው ታሪክ ግን እንደዚህ አይደለም። በእሱ ታሪክ ውስጥ ሴትዮዋ አትወርድም፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ትናገረዋለች። እኔም ጠየቅሁት፤ «ጋሼ፣ ለምን እንደሆነው አትጽፈውም?» አልኩት። «እንደሆነው ከሆነማ ዝም ብላ ወርዳለች» አለኝ። «እኔ ምን ልትል እንደነበር መስማት እፈልጋለሁ።»

ልጄ፣ ሰው ልብ ወለድ ለምን እንደሚጽፍ ከዚህ የተሻለ መልስ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ ራሱ የመጣው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ነው፤ ልብ የወለደው ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ውሸት ማለት ይመስለዋል። የዚያ ሰው ልብ የወለደው ግን በሕይወቱ ሳይሰማው የቀረውን እውነት ነው። አንቺም የአያትሽን ታሪክ ስትጽፊ የተከተልሽው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ወሬው ያለቀበት ቦታ ላይ ጀመርሽ።

መጻፉ ይህ ነው። ማሳተሙ ለምን አስፈለገው? እሱንም ጠይቄው ነበር፤ ስም ፈልጎ መስሎኝ ነበርና። «አድራሻዋን ስለማላውቅ» አለኝ። ብታነብበው፣ ወይም በሆዷ የነበረው ልጅ አድጎ ቢያነብበው፣ ያ ሰው እንደሚያስብበት ታውቃለች ብሎ ነው። ደብዳቤ አድራሻ ላለው ሰው ነው፤ አድራሻው ለጠፋብሽ ሰው መጽሐፍ ታሳትሚያለሽ።

የተየብኩለትን ይዞ አዲስ አበባ ሄደ። ያን ጊዜ ሳንሱርም ነበር፣ አሳታሚም ጥቂት ነበር። «ለጊዜው አይሆንም» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተያይዞበት ተመለሰ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጥቶ ሳንሱር ሲቀር ሮጬ ነገርኩት። «ጡረታ ስወጣ አስተካክዬ» አለኝ። ጡረታም ወጣ። ማስተካከሉ ግን ቀጠለ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ያን ጽሑፍ ስተይብ ሁለተኛ ቅጂ የሚያወጣውን ካርቦን አላስገባሁበትም። ለካርቦኑና ለስሱ ወረቀት ተጨማሪ ገንዘብ ነበረው፤ አንድ ይበቃኛል አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የጋሼን ሣጥን ከነጽሑፉ ወሰደው። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ሌሊት ነውና የአንድ ሣጥን ወረቀት ነገር ማንሣት ነውር ይመስል ነበር፤ እሱም ለወራት አላነሣም። ከዚያ አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠና «እህቴ፣ ታስታውሺዋለሽ?» አለኝ። ሁለታችንም ሞከርን። ስድስት ገጽ ያህል ተለቀመ። ሴትዮዋ የምትናገረው አልመጣልንም፤ እሷ ድጋሚ ዝም አለች። እሱም በሁለተኛው ዓመት ዐረፈ።

በራሴ ገንዘብ ካርቦኑን ባስገባው ኖሮ ምን እጎዳ ነበር? ይህን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ ሐረር የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤት የወሰድኩሽ ትዝ ይልሻል? ቤቱ ከእሱ ሞት በኋላ የተሠራ ቢሆንም ሰውዬው በእርግጥ ጁገል ውስጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ ቅኔ መጻፉን ካቆመ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሥራው ቡናና ቆዳ ነበር። ለእናቱ ይጽፍ የነበረው ደብዳቤ አብዛኛው ስለ ገንዘብና ስለ ድካም ነው። በ1886 ግን ታጁራ ላይ ጠመንጃ የጫነ ቅፍለት ይዞ መንገድ ሲጠብቅ፣ እሱ ሳያውቅ ጽሑፎቹ ፓሪስ ላይ ታተሙ። የተገኙትም ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ለባለቅኔው ጓደኛው ለፖል ቨርሌን ሰጥቶት ስለነበረ ነው። በሌላ ሰው እጅ ስለነበሩ ተረፉ። የእኛው ስብሐት ገብረእግዚአብሔርም ለአሥርት ዓመታት ማተሚያ ቤት ሳይገቡ የቆዩ ሥራዎች ነበሩት፤ ቅጂዎቻቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ይነበቡ ነበር።

«ማን ያነበዋል» ላልሽው፦ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ እዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ምጣዱን ጥዶ እየተወ ይመጣ ነበር። ያቺ የቀፊራ ነጋዴ ፊደል ሳትቆጥር መጽሐፉን ከእኔ በላይ ታውቀው ነበር። መጽሐፍ በማን ቤት እንደሚገባ ጸሐፊው አይመርጥም፤ አንቺም አሁን ሆነሽ አትመድቢለት።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። አሳታሚ መለሰልሽ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ በአገራችን ብዙው ደራሲ በራሱ ገንዘብ ነው የሚያሳትመው። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ አከፋፋዩ ደግሞ ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን የሚሰጥሽ መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ቶሎ ይመለሳል ብለሽ እንዳትበደሪ። ጥቂት ብታሳትሚ የአንዱ ዋጋ ይወደዳል፣ ብዙ ብታሳትሚ ክምሩ ቤት ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ማተሚያ ቤት ጠይቂ። በኢሜይል ብልክ ይሰርቁኛል ስላልሽውም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ሥራው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው ይላል፤ መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ፍርሃት ካለብሽ የላክሽበትን ቀን መዝግበሽ ያዢ።

እቁባችን ውስጥ የጥርን ዕጣ እንዲለቁልኝ ለምኛቸው እሺ ብለዋል። ለወረቀቱ ትሆናለች። ለሌላ አውይው እንዳትዪኝ፤ ጣሪያው ዘንድሮን ይችላል።

ገና ላይ ስትመጪ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ነይ። አንዱ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ውኃ ከማይደርስበት ይቀመጣል። በስልክ የላክሽልኝን ሦስት ምዕራፎች ሁለት ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ አማቹ ሲሰድባት አያትየዋ ሲኒውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ አንቺም በዚያው ምዕራፉን ዘጋሽው። እባክሽ አታስገቢያት። እዚያው ትቀመጥና ትናገር፤ ምን እንደምትል መስማት እፈልጋለሁ።

እናትሽ