ደብዳቤ ለልጄ፦ ስምህ ወረቀት ላይ ይግባ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በስልክ ስናወራ ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ አይደለም። “ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ የአሜሪካ ፉትቦል መጫወቱን ትቼ ልጆቹን ላሰለጥን ነው” ስትል እናትህ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እሷ ድሮም የምትፈራው መላተሙን ነው። እኔን የከነከነኝ “በቃል ተስማምተናል” ያልከው ነው።

የድሮውን ፉትቦል ተጫዋች ፍሪትዝ ፖላርድን ታውቀዋለህ? ኦሃዮ አድገህ ካላወቅከው ጉድ ነው። አክረን ነው የተጫወተው። ከእኛ ከኮሎምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።

በፈረንጆቹ 1894 ቺካጎ ተወለደ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማረ። በ1916 ሮዝ ቦውል በሚባለው ትልቅ የኮሌጆች ጨዋታ ላይ በመጫወት ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው። ቡድኑ 14 ለ 0 ተሸነፈ፤ እሱን እንለፈው።

ሰውየው እንዳንተው ደቃቃ ነበር፣ 75 ኪሎ ገደማ። ኳስ ይዞ በወደቀ ቁጥር ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው ይከመሩበታል። ታዲያ ምን ዘዴ ፈጠረ መሰለህ? ገና መሬት ሲነካ በጀርባው ይገለበጥና ሁለት እግሩን ወደ ላይ አንስቶ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያሽከረክራል። የታኬታው ጥርስ ሽቅብ ነው። እስቲ ወንድ የሆነ ይከመርበት! ዳኛው እስኪደርስለት አልጠበቀም። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

አክረን የሄደው በ1919 ነው። ልብሱን የሚቀይረው ከጓደኞቹ ጋር አልነበረም። ከቡድኑ ባለቤቶች የአንዱ የሲጋር ቤት ውስጥ ይለብስና ጨዋታው ሊጀመር ሲል በመኪና ሜዳ ያደርሱታል። ዛሬ ኤንኤፍኤል የምንለው የፉትቦል ሊግ በ1920 እዚያው ጎረቤት ካንተን ተመሠረተ። በመጀመሪያው ዓመት አክረን 8 ጊዜ አሸንፎ፣ 3 ጊዜ አቻ ወጥቶ ሻምፒዮን ሆነ። ዓመቱን ሙሉ የተቆጠረበት 7 ነጥብ ብቻ ነው።

በ1921 ፖላርድ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ። የሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ማለት ነው። እንግዲህ አስበው፣ መልበሻ ክፍል የነፈጉት ሰው ነው ነጮቹን “አንተ እዚህ ቁም፣ አንተ እዚያ ሩጥ” የሚላቸው። ኋላ በዘፈኑ ዓለም ያወቀው ፖል ሮብሰንም በዚያ ዓመት አብሮት ተጫውቷል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በዚያ ዘመን የሊጉ መዝገብ አያያዝ ልቅ ነበር። ማን አሰለጠነ የሚለው በወጉ አልተጻፈም። አክረን ላይ ከሌላው አሰልጣኝ ከኤልጂ ቶቢን ጋር ነው የሠራው። ሌሎቹ ቡድኖች ላይ ደግሞ የእሱ ድርሻ የቱ ድረስ እንደሆነ የታሪክ ሰዎች ተከራክረውበታል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ?

ከ1926 በኋላ ሊጉ ውስጥ አልታየም። ከ1934 እስከ 1945 ደግሞ ጭራሽ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ኒውዮርክ ሄዶ ብራውን ቦምበርስ የሚባል የጥቁሮች ቡድን አሰለጠነ፣ ጋዜጣም አቋቋመ። ልጁም በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ በ110 ሜትር መሰናክል ነሐስ አመጣ። (ይህን ለእናትህ ነገርኳት። “ይኸው፣ ሩጫ እያለ!” አለችኝ።)

ሁለተኛው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አርት ሼል ሬይደርስ የሚባለውን ቡድን የተረከበው በ1989 ነው። ፖላርድ በ92 ዓመቱ ያረፈው በ1986። ሦስት ዓመት ቀደመው። የፉትቦል ዝነኞች አዳራሽ ያስገቡት በ2005 ነው፣ አዳራሹ ያለው ደግሞ ካንተን፣ አክረን አፍንጫ ሥር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ያዘው፣ ደስ ብሎኛል። ዘመዶችህ “ኮሌጅ የገባው ለኳስ ነው ወይ?” ቢሉ ለእኔ ተወው። ግን ወረቀት ይስጡህ። “ረዳት አሰልጣኝ” የሚል ይኑርበት፣ “ያግዘናል” የሚል አይደለም። ደሞዙ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ሜዳ ላይ ብትጎዳ ኢንሹራንሱ የማን እንደሆነ ይጻፍ። ሳትፈርም ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። የአጎትህ ልጅ ሕግ ተምራ የለ፣ ታይልሃለች።

እናትህ ጉልበቱን በረዶ ይያዝበት ብላለች።

አባትህ