በደንብ የተኮተኮተው ልጅ ነበር የጠየቀው

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ በአንባብያን ዓምድ የወጣውን ደብዳቤ አነበብኩት። ጸሐፊው ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወልዶ እምነቱን የተወ ሰው ሁሉ «በቤቱ በደንብ ያልተኮተኮተ» ነው ይላሉ፤ ለአስረጅነትም አየርላንድን ጠቅሰው፣ ሕዝቡ ሀብትና ቴሌቪዥን ሲገባለት ሃይማኖቱን እንደ ጣለ ያትታሉ። ለሃያ ሁለት ዓመት ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማርኩ ሴት ነኝና ይህን በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት እምነታቸውን ካጡት መካከል ብዙዎቹ የተማሩትን ከልባቸው የተቀበሉ፣ ኋላም ያስተማሯቸውን ሰዎች በዚያው በተማሩት ሚዛን የመዘኑ መሆናቸውን ነው።

ያደግሁት ገጠር፣ ከጭቃ ከተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ማታ ማታ እራት ከመቅረቡ በፊት እናቴ መቁጠሪያዋን ከምሰሶው ላይ አውርዳ በስመ አብ ስትል ሁላችንም በምድጃው ዙሪያ እንንበረከካለን፤ ትንንሾቹ ገና የመቁጠሪያው ሃምሳ ጸሎት ሳይሞላ እንቅልፍ ሲጥለን ታላቅ ወንድሜ ግን እስከ መጨረሻው ከእናቴ እኩል ይመልስ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ የቅዳሴውን ተሰጥኦ በቃሉ ያውቃል። ቅዳሜ ለንስሐ ከመሄዱ በፊት ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀድዶ ኅሊናውን እየመረመረ ይጽፍ ነበር፤ «ዋሸሁ፣ ሦስት ጊዜ። የጎረቤት ሸንኮራ ቆረጥኩ፣ አንድ ጊዜ። በጸሎት ላይ ሳቅሁ።» ያችን ወረቀት አራት ላይ አጥፎ በመዳፉ ጨብጦ ሲሄድ ዛሬም ይታየኛል። እንግዲህ ኮትኩቶ ማሳደግ ከዚህ በላይ ምን እንደሆነ አላውቅም።

በዚያው ዓመት ታናሽ እኅት ተወለደችልን፤ በስልሳ ሦስተኛ ቀኗ ሌሊት በድንገት ሞተች። በመንደራችን ልማድ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነበርና ሳትጠመቅ ሄደች። አባቴ ማንንም ሳይጠራ ከጓሮ ከእንሰቱ ሥር ቀበራት። በሚቀጥለው ቅዳሜ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ወንድሜ እጁን አውጥቶ «እኅቴ አሁን የት ናት?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ያልተጠመቀ የእግዚአብሔርን ፊት እንደማያይ ነገሩት። «እሷ ምን አጠፋች?» አለ። መምህሩ መልስ በመስጠት ፈንታ መዳፉን አስዘርግተው አምስት ጊዜ በአርጩሜ መቱት፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ መጠየቅ ትዕቢት ስለሆነ በንስሐው ላይ እንዲናዘዘው አዘዙት። በሳምንቱ ወረቀቱን ሲጽፍ አጠገቡ ነበርኩ። ያንን አልጻፈውም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ኃጢአት ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ኃጢአት ነው» አለኝ።

የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ ያለው በዚያ መልስ ውስጥ ነው። ወንድሜ እንዲህ ያለ ኅሊና ከሌላ ቦታ አላመጣውም፤ ቤተ ክርስቲያን ናት ያስተማረችው። ካቶሊካዊ አስተዳደግ ገና በሰባት በስምንት ዓመቱ ያለን ሕፃን ራሱን መርምር፣ ጥፋትህን በስሙ ጥራ፣ አትሸሽግ ብሎ ያሠለጥናል፤ ይህም ታላቅ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የሠለጠነ ልጅ አንድ ቀን መምህሮቹም ጥፋታቸውን በስሙ ይጠሩ እንደሆነ ማየቱ አይቀርም። ሲሸሽጉ ያገኛቸው እንደሆነ ከትምህርቱና ከመምህሮቹ መምረጥ ይገደዳል። ወንድሜ ስለ እናቴ ሲል ከተማ ገብቶ ሁለተኛ ደረጃ እስኪጀምር ድረስ መንበርከኩን አልተወም፤ ከዚያ በኋላ ግን ከቅዳሴ ቀረ።

ወደ አየርላንድ ልመለስ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሀብትና ከተሜነት ድርሻ የላቸውም አልልም፤ ምንም ሳይበደሉ ቀስ በቀስ ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ሰዎች በሁሉም አገር አሉ። ነገር ግን የአየርላንድን ሕዝብ ያልተኮተኮተ ማለት ፈጽሞ አይቻልም። እስከ ዛሬ ድረስ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂነት ሥር ናቸው፤ ልጆች ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁት እዚያው በመደበኛ ክፍላቸው ነው። በ1979 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በደብሊን ፊኒክስ ፓርክ ሲቀድሱ፣ 3.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ካላት አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ያኔ ቴሌቪዥን አልነበረም እንዴ? ነበረ።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ምንድን ነው? በግንቦት 2009 በመንግሥት የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን፣ በገዳማውያን ማኅበራት ይተዳደሩ በነበሩ የሕፃናት ማሳደጊያና ማረሚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የተፈጸመውን ድብደባና ነውር በአምስት ቅጽ አወጣው። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው ሌላ ዘገባ ደግሞ የደብሊን ሊቀ ጳጳሳት መንበር ኃላፊዎች ከልጆቹ ደኅንነት ይልቅ ምሥጢር መጠበቅን፣ የቤተ ክርስቲያንን ስምና ንብረት ማዳንን እንዳስቀደሙ አረጋገጠ። አስቡት፤ ይህን ያነበበው ሕዝብ በልጅነቱ የሸንኮራ ስርቆት ሳይቀር ቆጥሮ እንዲናዘዝ የተማረ ሕዝብ ነው። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በመጋቢት 2010 ለአየርላንድ ካቶሊካውያን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ኀፍረታቸውንና ጸጸታቸውን ገልጸዋል፤ ለብዙዎች ግን ዘግይቶ ነበር። በ2011 በተደረገው ቆጠራ ካቶሊክ ነኝ ያለው 84 በመቶ ሲሆን በ2022 ወደ 69 በመቶ ወርዷል፤ ሃይማኖት የለኝም ያሉትም ከ736 ሺህ በላይ ሆነዋል።

ከነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ይልቅ እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአየርላንድ ገጠር «ኪሊን» የሚባሉ አሮጌ የመቃብር ቦታዎች አሉ። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተባረከው መካነ መቃብር እንዲያርፉ ስለማይፈቀድላቸው ወደዚያ ይወሰዱ ነበር፤ ብዙ ጊዜ አባት ወይም ሌላ ወንድ ዘመድ ሌሊት ተሸክሞ፣ ያለ ካህንና ያለ ጸሎት፣ በእርሻ ዳር ወይም በባሕር ጠርዝ ይቀብራቸዋል፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ ነው። ይህን ስሰማ አባቴን ከእንሰቱ ሥር አየሁት።

በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ እነዚህን ሕፃናት ለእግዚአብሔር ምሕረት አደራ ይሰጣል። በ2007 ደግሞ ዓለም አቀፉ የነገረ መለኮት ኮሚሽን በር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ ፈቃድ ባወጣው ሰነድ፣ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት እንደሚድኑ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳለ ገለጸ። ይህን ይዤ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። በጥሞና አነበበው፣ ልክ እንደ ድሮው አራት ላይ አጠፈው፣ ከዚያም «ለእማዬ ማን ይንገራት?» አለኝ። እናታችን ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር።

ጸሐፊው ይህን ከውጭ የመጣ ክስ አድርገው እንዳይመለከቱት አንድ ነገር ላስታውሳቸው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ ዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሐዋርያዊ ድንጋጌ ቁጥር 19 ላይ፣ አማኞች ራሳቸው ለክህደት መወለድ ቀላል ያልሆነ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል፣ ትምህርቱን በማጣመም ወይም በኑሯቸው ጉድለት የእግዚአብሔርን እውነተኛ ፊት ከመግለጥ ይልቅ እንደሚሸፍኑ በግልጽ ተናግሯል። ጳጳሳቱ ይህን ሲያጸድቁ ጥፋቱን በወላጆችና በቴሌቪዥን ላይ ብቻ አልጣሉም። በእኛም አገር ካቶሊካውያን እንደ ሰማዕት የምናከብራቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጥያቄን እንደ ትዕቢት የቆጠሩ ሰው አልነበሩም፤ እኚህ የጎጃም መነኩሴ እውነቱን ፍለጋ ዓመታት ደክመው፣ በ1841 እስከ ካይሮና እስከ ሮም ሄደው፣ የካቶሊክን እምነት የተቀበሉት ከሦስት ዓመት በኋላ በ1844 ነው። ያ መምህር አግኝተዋቸው ቢሆን እሳቸውንም መዳፍዎን ዘርጉ ይሏቸው ነበር።

ታዲያ አንቺስ እንዴት ቀረሽ የሚለኝ ይኖራል። ከአንድ ማዕድ የበላን፣ በአንድ መቁጠሪያ የጸለይን ወንድምና እኅት ነን። እኅታችን በሞተች በወሩ ይሁን በሁለተኛው፣ አንድ ሽማግሌ ካህን በእግራቸው መጥተው እናቴን «ልጅሽ የት ናት?» አሏት። ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ከእንሰቱ ሥር እርጥቡ አፈር ላይ ተንበረከኩ፤ እናቴም አጠገባቸው ተንበረከከች። ምንም ማብራሪያ አልሰጡም፤ ለረጅም ጊዜ ጸለዩ፤ ሲነሡ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ከደጃፉ ቆሜ አየሁ። ወንድሜ በዚያ ቀን ከብት ይዞ መስክ ወርዶ ነበርና አላየም። ማታ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ፤ የሰማ ግን እንዳየ አይሆንም። አስተማሪ ሆኜ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ልጆች የማላውቀውን ሲጠይቁኝ አላውቅም እላቸው ነበር፤ ሐዘን ያለበትን ልጅም ከክፍል በኋላ እስከ ቤቱ እሸኝ ነበር። ይህን ያደረግሁት ከሁለቱም ሰዎች ተምሬ ነው።

ወንድሜ ዛሬ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው። ውሸት አይናገርም፣ የሰው ገንዘብ አይነካም፤ በእናታችን ሙት ዓመት ቅዳሴው እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቀናል። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣችሁን እሱም አንብቧል። ስለዚህ የደብዳቤው ጸሐፊ «ያልተኮተኮተ» ያሉትን ቃል በሚቀጥለው እትም እንዲያነሡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል)